የግድብ ጠባቂው ምርጫ

አባቴ ክሬይን ግድብ ጠባቂ ነበር፤
ባሕር ከላያችን፣ እኛ ከሥሩ የምንኖር፣
ዜላንድ በሚባል፣ ከማዕበል በተነጠቀ አገር።
እዚያ ላም ሣሯን ስትግጥ ውላ
መርከብ ታያለች ቀና ብላ።

እሑድ ሁለት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን፣ በጥቁር ካፖርት፤
መዝሙሩ በዝግታ ይወጣል፣ እንደ ከባድ በር ሲከፈት።
ሰባኪው ይል ነበር፦ «ዓለም ሳይፈጠር
የሚድነው ተጽፏል፤ ስሙ አይፋቅ፣ ሌላ አይጨመር።»
አባቴም አመነ። ለጎተራው መድን ገብቶ አያውቅም፤
«እሱ ካዘዘው እሳት በወረቀት አልሸሸግም።»
አርባ ዓመት ሙሉ፣ ኅብስቱ ሲቆረስ፣
ከኋላ ወንበር አይነሣም፤ ቆቡን በጉልበቱ ሲዳብስ።
ሳይጠሩት ሰርግ የገባ እንግዳ መሆን ፈራ፤
ስሙን ከዚያ መዝገብ ያነበበለት የለም፣ ጮክ ብሎ የጠራ።

ግን በየክረምቱ ሌሊት ፋኖስ ይዞ ይዞራል፣
ፍልፈል የበሳውን ቀዳዳ በጭቃ ይደፍናል።
ጎረቤታችን ያኮቡስ፣ ከወዲያኛው ጸሎት ቤት፣
«በሩ የሚከፈት ከውስጥ ነው፣ በሰው ፈቃድ» ከሚሉት፣
ፒፓውን እየጠጣ፦ «ክሬይን፣ ሁሉ ከተጻፈ አስቀድሞ፣
ጭቃ መሸከምህ ለምን? ተኛ እንጂ፣ እግርህም ደክሞ።»
አባቴ፦ «አካፋውም ተጽፏል» ብሎ ዝም።
ሃያ ዓመት ተከራከሩ፤ አጥር ግን አልነበራቸውም።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች። ከሰሜን ባሕር ነፈሰ፤
ግድቡ እንደ አሮጌ ሸራ ተተረተረ፣ ፈረሰ።
አንዲት ጀልባ ነበረችን፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ።
እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ፤ ጣሪያ ላይ ሆኜ ፋኖስ ስይዝ
ሁለት ጩኸት ሰማሁ።
በግራ ያኮቡስ፣ ከጭስ መውጫው ተጣብቆ።
በቀኝ ማትዬ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ድምጿ በውሃ ታንቆ።
አባቴ መቅዘፊያውን ያዘ። ቆመ።
እስከ ሦስት የመቁጠር ያህል።
ከዚያ ወደ ግራ።

ያኮቡስ ዳነ። ጣቶቹ በብርድ ደርቀው
ገመድ እንኳ አልጨበጡም፤ በአንገትጌው ነው ጎትቶ ያወጣው።
ሲመለሱ ከቀኝ በኩል ጩኸት የለም፤
የእንጨት ጫማ ሲንሳፈፍ አየሁ፤ ሌላ ምንም።

በጸደይ ያኮቡስ መጣ፦ «ክሬይን፣ እኔ አልያዝሁም፣ ተያዝሁ፤
የሰው ፈቃድ ስል ኖሬ፣ ያን ሌሊት ምን መረጥሁ?»
አባቴ ክርክር የረታ ሰው አይመስልም ነበር።
አካፋውን ተደግፎ፣ ዓይኑ ከውሃው ዳር፦
«እኔ ግን መረጥሁ» አለ። «የጎተተኝ የለም።
ግራ ያልሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም።
ዕድሜዬን በሙሉ ‹ተመርጬ ይሆን?› ብዬ ስፈራ
አንድ ቀን አላሰብሁለትም ለመራጩ፣ ለሱ መከራ።
እኔ አንዴ መርጬ እንዲህ ከሆንሁ፣ ንገረኝ እስኪ፣ አንተ ሰው፣
ግራ ቀኙን ሁሉ የሚሰማው፣ ሌሊቱን እንዴት ነው የሚያነጋው?»

ያኮቡስ ፒፓውን አጠፋ። መልስ አልነበረውም።
ሰባኪው ይኖረው ይሆናል። አልጠየቅነውም።

በዚያው ዓመት መከር፣ ኅብስቱ ሲቆረስ፣
ከኋላ ወንበር ተነሣ፤ እስከ ገበታው ድረስ
ወለሉ ከጫማው ሥር እየጮኸ ሄደ።
ስሙ ተነበበለት? ወይስ እንዲሁ ወደደ?

አሁን ግድቡን የምዞር እኔ ነኝ፤ ፋኖሱ የሱ ነው።
ፍልፈሉም ያው ነው። ባሕሩም ያው ነው።
ያን እሑድ ሳስብ የሚታየኝ እጁ ነው፣ ፊቱም አይደለም፤
ከጥፍሩ ሥር ጭቃ ነበረ፣ ታጥቦ ያልወጣለት ፈጽሞም፣
ወደ ኅብስቱ ሲቀርብ የሚንቀጠቀጥ።

ዘረጋ ልበል፣ ወይስ ተዘረጋ?
ገና አልወሰንሁም። ሌሊቱም አልነጋ።